የእግዚአብሔርን ምሕረት ልምሰል ወይስ ፍርዱን?

ባለ ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ የእግዚአብሔርን ጠባይ የሚመለከት ነው፤ ነገር ግን በንባብ ብቻ የመጣ ስላልሆነ መነሻውን በአጭሩ ላስረዳ።

ከአንድ የእምነት ወንድሜ ጋር በሽርክና እንሠራ ነበር፤ ሒሳቡን የሚይዘው እርሱ ነበር። ደረሰኞቹን ከባንክ መግለጫው ጋር ሳመሳክር፣ ለዕቃ ግዥ ወጪ ሆነ ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ ሻጩ ከተቀበለው እንደሚበልጥ አየሁ። አንዳንዶቹ ደረሰኞች ላይ አኃዙ ተደልዞ በላዩ ተጽፎበታል። ስሕተት ቢሆን አንዳንዴ ወደ ታች፣ አንዳንዴ ወደ ላይ ይሄድ ነበር፤ ይህኛው ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ነው። ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ፤ ቀጥሎም «በወንድማማች መካከል ይህን ያህል ምርመራ ከየት መጣ?» ብሎ ተቆጣ።

ጉዳዩን ለሁለት የጉባኤያችን ሽማግሌዎች አማከርኳቸው። አንደኛው «እግዚአብሔር መሓሪ ነው፤ አንተም ማረውና ተወው» አሉኝ። ሁለተኛው ደግሞ «እግዚአብሔር ጻድቅ ፈራጅ ነው፤ በደልን እንዳላየ አያልፍም፤ አንተም ልታልፍ አይገባህም» አሉኝ። ሁለቱም የጠቀሱት ጥቅስ ትክክለኛ ነው፤ ሁለቱም የሚመክሩኝ በቅንነት ነው። እኔ ግን ከበፊቱ ይልቅ ግራ ተጋባሁ።

ሐዋርያው በኤፌሶን 5፥1 እንደ ተወደዱ ልጆች እግዚአብሔርን የምንከተል እንድንሆን ያዝዛል። እንግዲያው ከጠባዩ የትኛውን ነው የምከተለው? ደግሞስ «በቀል የእኔ ነው» የሚል አምላክ፣ እርሱ የሚያደርገውን እኛን ስለ ምን ይከለክላል? ልጅ አባቱ የሚያደርገውን ሲያደርግ መከልከሉ ለእኔ ግልጽ አልሆነልኝም። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ድፍረት ከመሰለ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይበልጥ የሚከብደኝ ግን እርሱ ነው።

የኦሪት አንባቢ፦

ወንድሜ፣ ድፍረት አይደለም። አብርሃም «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ ፊት ለፊት ጠይቋል (ዘፍጥረት 18፥25)፤ በመጠየቁም አልተገሠጸም። ሁለተኛውን ጥያቄ ለሌሎች ልተወውና ስለ መጀመሪያው የማስበውን ልጻፍ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳያስቡት አንድን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍለው ሰጥተውዎታል። እግዚአብሔር ለሙሴ ስሙን ባወጀበት ቦታ (ዘጸአት 34፥6-7) መሓሪ፣ ታጋሽ፣ ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት መሆኑ ይነገራል፤ ትንፋሽ ሳይወሰድ ደግሞ በደለኛውን ከቶ የማያነጻ መሆኑ ይከተላል። ይህ የተነገረው ሕዝቡ የወርቅ ጥጃ ሠርቶ ከሰገደ፣ ሙሴም የመጀመሪያዎቹን ጽላቶች ከሰበረ በኋላ ነው። ቃል ኪዳኑ በፈረሰበት ማግስት የተገለጠው ጠባይ ምሕረትንም ፍርድንም በአንድነት የያዘ ነው ማለት ነው።

ኋላ የተነሡ ሁለት ነቢያት ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ስለ አንዲት ከተማ፣ ስለ ነነዌ፣ ጠቅሰውታል። ዮናስ የምሕረቱን ክፍል ጠቀሰ (4፥2)፤ የጠቀሰውም እያመሰገነ ሳይሆን እየተማረረ ነው። ናሆም ደግሞ እግዚአብሔር ለቍጣ የዘገየ መሆኑን ካስታወሰ በኋላ በደለኛውን ንጹሕ ነህ እንደማይል ተናገረ (1፥3)። በሁለቱ ነቢያት መካከል የተለወጠ አምላክ የለም። የተለወጠችው ከተማዋ ናት፤ በዮናስ ስብከት ማቅ ለብሳ ከግፏ ተመለሰች፣ በናሆም ዘመን ግን እንደገና የደም ከተማ ተብላ ተጠራች። ስለዚህ የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው ከእግዚአብሔር ጠባይ ግማሹን መርጦ መያዝ ሳይሆን፣ ያ ወንድም አሁን የቆመው በየትኛዋ ነነዌ መሆኑን ማየት ይመስለኛል። እስካሁን እንደ ጻፉት ከሆነ ገና አልተመለሰም።

አሁን ደግሞ ወደ ዘሌዋውያን 19 ልምጣ። «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ቅዱስ ነኝና እናንተ ቅዱሳን ሁኑ» የሚለውን ትእዛዝ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ግን ጥቂቶች ናቸው አስተውለው የሚያነቡት። ቅድስና ሲባል አብዛኞቻችን ጾምን፣ ጸሎትን፣ ከዓለም መለየትን እናስባለን። ምዕራፉ ግን የእርሻን ቃርሚያ ለድሃና ለመጻተኛ ስለ መተው፣ የሙያተኛን ዋጋ እስኪነጋ ድረስ ስላለማሳደር፣ በዕውር ፊት ዕንቅፋት ስላለማኖር፣ በፍርድ ለድሃም ለባለጠጋም ስላለማድላት ይናገራል። ከፍጻሜው አጠገብ ደግሞ ስለ እውነተኛ ሚዛንና ስለ እውነተኛ መመዘኛ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ነኝ» ይላል። የእግዚአብሔር ቅድስና ከሰማይ ወርዶ የሚያርፈው በሚዛኑ ላይ ከሆነ፣ በደረሰኙም ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሒሳቡን መመርመርዎ ከወንድማማችነት መጉደል አይደለም፤ የጎደለው በተደለዘው አኃዝ በኩል ነው።

ለእርስዎ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ቁጥር 17ና 18 ነው። ወንድምህን በልብህ አትጥላው ይላል፤ ነገር ግን ገሥጸው ይላል፤ አትበቀል፣ ቂምም አትያዝ ይላል፤ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ይላል። ተግሣጽና ፍቅር በአንድ ትንፋሽ የታዘዙ ናቸው። ጥላቻውን በልብ ይዞ በአፍ «ትቼዋለሁ» የሚል ሰው «አትበቀል» የሚለውን ትእዛዝ መልክ ይዞ «በልብህ አትጥላው» የሚለውን ያፈርሳል። አንደኛው ሽማግሌ «ተወው» ያሉት ይህን ካላካተተ ምክራቸው ጎዶሎ ነው፤ ይህን የምለው በአክብሮት ነው።

የሕግ ሰው፦

ከላይ የተጻፈውን እቀበላለሁ፤ ከሥራዬ የተነሣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በእምነት ማኅበረሰብ ውስጥ «ይቅር በል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለተበደለው ብቻ ነው፤ በዳዩ ተጠርቶ «መልስ» ሲባል ግን እምብዛም አንሰማም። ይህ የእግዚአብሔርን ምሕረት መምሰል ሳይሆን ለጠንካራው ወገን ማድላት ነው፤ ማድላት ደግሞ በዚያው በዘሌዋውያን 19 ተከልክሏል።

በኦሪቱ በባልንጀራው ላይ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ለተበደለው ይመልሳል (ዘኍልቍ 5፥6-7)። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ማንም ሳይጠይቀው በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ፤ ጌታም በዚያው ስፍራ መዳን ለዚህ ቤት እንደ ሆነለት ተናገረ (ሉቃስ 19፥8-9)። ምሕረት ወደ ዘኬዎስ ቤት ገብታ ያስተካከለችው የመጀመሪያ ነገር ሒሳቡን ነው። በሉቃስ 17፥3ም «ወንድምህም ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል።

እንዲሁም ይቅርታና አደራ አንድ አይደሉም። ሰውየውን ከልብዎ ይቅር ሊሉት ይችላሉ፤ የሒሳብ መዝገቡን እንደገና እንዲይዝ ማድረግ ግን የተለየ ውሳኔ ነው፤ በጥቂቱ የታመነ በብዙ ይሾማል እንጂ በጥቂቱ ያጎደለ በዚያው ሹመት ይቀጥላል የሚል አላነበብኩም።

እኅት በእምነት፦

ሁለተኛው ጥያቄ ስላልተነካ እኔ ልሞክረው።

እግዚአብሔር በቀልን ለራሱ ያስቀረው በቀል ለእርሱ የሚያምር፣ ለእኛ የሚያስነውር ስለሆነ አይመስለኝም። እውነተኛ ፍርድ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ነገር በእርሱ ዘንድ ስላለ፣ በእኛ ዘንድ ግን ስለሌለ ነው። ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል (1ኛ ሳሙኤል 16፥7)። እርስዎ የተደለዘውን አኃዝ አይተዋል፤ ያንን እጅ ያንቀሳቀሰው ስስት ይሁን፣ የዕዳ ጭንቀት ይሁን፣ ሌላ ማስፈራሪያ ይሁን አላዩም። ሁሉም ኃጢአት ነው፤ ክብደቱ ግን እኩል አይደለም። በእንክርዳዱ ምሳሌ ባሪያዎቹ እንንቀለው ሲሉ ጌታቸው የከለከላቸው እንክርዳዱን ስለወደደው አልነበረም፤ ስንዴውን አብራችሁ ትነቅላላችሁ ብሎ ነው (ማቴዎስ 13፥29)። አጫጆቹ ሌሎች ናቸው፤ ጊዜውም ሌላ ነው።

ሌላው ደግሞ ቍጣችን ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ያዕቆብ «የሰው ቍጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራምና» ይላል (1፥20)። እኔ የተበደልኩ ጊዜ የምቈጣው በደል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የተበደልኩት *እኔ* ስለሆንኩም ነው። ጎረቤቴ ያን ያህል ቢበደል እንቅልፌን አላጣም ነበር። እግዚአብሔር ግን የሚቈጣው ክብሩ የተነካ ሰው እንደሚቈጣው አይደለም፤ በመበለቲቱና በድሃ አደጉ ላይ የተደረገውን እንደ ራሱ ጉዳይ አድርጎ ይፈርዳል (ዘዳግም 10፥17-18)። እንዲህ ያለ ቍጣ ያለን ቀን ምናልባት ጥያቄዎ እንደገና ሊነሣ ይችላል።

የልጅና የአባት ነገርም ስላነሡ፦ አባት ልጁን «እኔን ምሰል» ሲል የአባትነቱን ሥልጣን ሁሉ ማስረከቡ አይደለም። ቤቱን የመምራት ሥልጣን የአባት ሆኖ ሳለ ልጁ ታላቅ ወንድም ነኝ ብሎ ታናሾቹን ቢቀጣ አባቱን መሰለ አይባልም። ቅዱሳት መጻሕፍት እግዚአብሔርን ምሰሉ የሚሉባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ብናይ ትእዛዙ በምን ላይ እንደ ተሰጠ እናገኘዋለን። በቅድስና (1ኛ ጴጥሮስ 1፥15-16)፣ በርኅራኄ (ሉቃስ 6፥36)፣ ይቅር በማለትና በፍቅር (ኤፌሶን 4፥32 እና 5፥2)፣ ጠላትን በመውደድ (ማቴዎስ 5፥44-48)። «የሰማዩ አባታችሁ ፍጹም እንደ ሆነ እናንተ ፍጹማን ሁኑ» የሚለው እንኳ የሚመጣው በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ፀሐይን ያወጣል ከሚለው ቃል በኋላ ነው። እርሱ እንደሚበቀል ተበቀሉ የሚል አንድም ቦታ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ተቃራኒውን ነው።

ስለ ሮሜ 12፥19 የማልተወው ነገር አለ። ጳውሎስ «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ ይላል ጌታ» የሚለውን ያመጣው እኛን ለማስፈራራት ሳይሆን ለማሳረፍ ነው። ፈራጅ የሌለ ከሆነ ያልተበቀልኩት በደል ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል፤ ስለዚህ መበቀል አለብኝ። ፈራጅ ካለ ግን እጄን ከበቀል ብመልስ በደሉ ጠፍቶ አይቀርም። ጌታችን ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም፤ በጽድቅ ለሚፈርደው ራሱን አሳልፎ ሰጠ (1ኛ ጴጥሮስ 2፥23)። እንዲህ የታገሠው ፍርድ እንደሌለ ቆጥሮ አይደለም፤ ፍርዱ በማን እጅ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

የነገረ መለኮት ተማሪ፦

በውይይቱ ደስ ብሎኛል፤ የምቃወመው ነገር ግን አለ። እስካሁን «ምሰሉ» የሚለው ቃል የተያዘው ሰው ከሩቅ አይቶ እንደሚቀዳው ዓይነት ሆኖ ነው። እንዲህ ከሆነ የእግዚአብሔር ጠባይ ለእኛ የምሥራች ሳይሆን የማንደርስበት ልክ ይሆናል፤ የሚያነብም ሰው ወይ ተስፋ ይቈርጣል ወይ ግብዝ ይሆናል።

አባቶች እንዳስተማሩን፣ እግዚአብሔር ቅዱስ የሆነው ከሌላ ቅድስናን ተቀብሎ አይደለም፤ ቅድስና የባሕርዩ ነው። እኛ ቅዱሳን የምንባለው በጸጋ፣ ከእርሱ ተካፍለን ነው። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን መምህራን የሆኑት አውግስጢኖስም ሆነ በኋላ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ፣ ምሕረቱና ጽድቁ በእርሱ ውስጥ እንደ ሁለት ክፍሎች ተጎራብተው እንደማይኖሩ፣ እርሱ ራሱ ምሕረትም ጽድቅም እንደ ሆነ አስተምረዋል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሌላው የምዕራብ መምህር፣ የካንተርበሪው አንሰልም፣ ፍጹም ጻድቅ የሆነው እንዴት ኃጢአተኛን ይምራል ብሎ በጸሎት መልክ ጠይቆ፣ ምሕረቱ ከጽድቁ ጋር የሚጋጭ ሳይሆን ከጽድቁ የሚወለድ ነው ወደሚል መልስ ደርሷል። ይህን የማነሣው የኦሪት አንባቢው «ግማሹን መርጦ መያዝ አይደለም» ያሉት ትክክል መሆኑን ለማጽናት ነው። ግን ከዚህ ቀጥሎ መነገር ያለበት አልተነገረም፤ እኛ ይህን አንድነት በራሳችን ኃይል ልንይዘው አንችልም። ይቅር ስንል ፍትሕን እንጥላለን፤ ፍትሕን ስንይዝ ምሕረትን እንረሳለን። በክርስቶስ መስቀል ላይ እግዚአብሔር ራሱ ጻድቅ ሆኖ የሚያጸድቅ መሆኑ ታየ (ሮሜ 3፥26)፤ ሕይወታችንም ከዚያ የሚፈልቅ እንጂ ከዚያ የሚቀዳ አይደለም። የገላትያ መልእክት ትዕግሥትን፣ ቸርነትን፣ የዋህነትን የመንፈስ ፍሬ የሚላቸው ስለዚህ ነው።

አንድ አደጋም ላሳስብ። እግዚአብሔርን ለመምሰል የመጀመሪያው ግብዣ የመጣው ከእባቡ ነው፤ መልካምንና ክፉን በማወቅ እንደ እግዚአብሔር ትሆናላችሁ የሚል ነበር (ዘፍጥረት 3፥5)። ያ መምሰል የፈራጁን ወንበር መንጠቅ ነበር። ክርስቶስ ግን በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር መተካከልን መቀማት እንደሚገባ ነገር አልቈጠረም፣ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ባዶ አደረገ (ፊልጵስዩስ 2፥6-7)። የሁለተኛው ሽማግሌ ምክር ወደ መጀመሪያው ዓይነት መምሰል እንዳይወስድ እፈራለሁ።

የኦሪት አንባቢ፦

ተማሪው ወንድማችን ስለ ጸጋ የጻፉትን እቀበላለሁ። ሆኖም «የሚፈልቅ እንጂ የሚቀዳ አይደለም» የሚለው አነጋገር ለሰነፍ ሰው መሸሸጊያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ጳውሎስ ራሱ ስለ ጸጋ ከጻፈ በኋላ የሚሰርቅ ከእንግዲህ ወዲህ አይስረቅ፣ ይልቁን ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው በእጆቹ ይድከም ብሎ ግልጽ ትእዛዝ ይሰጣል (ኤፌሶን 4፥28)። ጸጋ የመጣለት ሌባ እጁን ይሰበስባል፤ ከዚያም አልፎ ይሰጣል። እስኪፈልቅለት ድረስ ይጠብቅ አልተባለም።

ስለ ሁለተኛው ሽማግሌ ግን ትንሽ የከበደ ፍርድ ሰጥተዋል። በደልን በደል ማለት የእግዚአብሔርን ወንበር መንጠቅ አይደለም።

የነገረ መለኮት ተማሪ፦

የመጨረሻውን እቀበላለሁ። ሽማግሌው የተናገሩትን ከጥቅስ ውጭ አልሰማሁምና ከዚያ በላይ አልናገርም። ስለ መፍለቁ ግን እንደ ጻፍኩት ነው፤ ትእዛዙ ቢኖርም ኃይሉ ከትእዛዙ አይመጣም።

ባለ ጥያቄ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዮናስና የናሆም ነገር ብዙ አሳስቦኛል፤ ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ አንብቤያቸው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። የመጀመሪያው ሽማግሌ በማቴዎስ 18 ያለውን፣ እልፍ መክሊት ዕዳ ተትቶለት መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አንቆ የያዘውን ባሪያ ጠቅሰውልኛል። «አንተ ይህን ባሪያ ትሆናለህን?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ሌሊት ሁሉ አብሮኝ ይቆያል። ገንዘቤን ብጠይቅ ያን ባሪያ እሆን ይሆን?

እኅት በእምነት፦

መቶ ዲናር ቀላል ገንዘብ እንዳይመስልዎት። በወይኑ ቦታ ምሳሌ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ዋጋ ነው (ማቴዎስ 20፥2)፤ መቶ ዲናር እንግዲህ የመቶ ቀን ድካም ነው። ጌታ የተበደሉትን በደል «ምንም አይደለም» አላለም። እልፍ መክሊት ግን አንድ ሠራተኛ ዕድሜውን ሁሉ ቢደክም የማይከፍለው ነው፤ ንጽጽሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ባሪያው የተፈረደበት ዕዳውን በመጠየቁ ብቻ አልነበረም። ባልንጀራው በእግሩ ወድቆ «ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ብሎ ሲለምነው፣ ራሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በንጉሡ ፊት የተናገረውን ያንኑ ልመና ሲሰማ፣ እምቢ ብሎ ወደ ወኅኒ ስለጣለው ነው። የእርስዎ ባልንጀራ ገና «ታገሠኝ» አላለም፤ ያለው «ምርመራ ከየት መጣ» ነው። ከለመነዎት ቀን ጀምሮ ምሳሌው በእርስዎ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ እስከዚያው ድረስ ደግሞ አንገቱን አይነቁት። ገሥጸው የሚለው ትእዛዝ ከማነቅ የተለየ ነው፤ ስሙን በየሰው ጆሮ ማዳረስ ግን ከማነቅ ይቆጠራል፤ ይህን ራሴንም እያሳሰብኩ ነው።

የሕግ ሰው፦

ወደ ተግባሩ ልመልስዎ። በዚያው በማቴዎስ 18፥15-17 ያለው ሥርዓት መጀመሪያ ብቻውን ውቀሰው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ያንንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር የሚል ነው። የመጀመሪያውን አድርገዋል። አሁን የቀረው ሁለተኛው ነው።

ምስክር አድርገው የሚወስዱት ሰው የሁለታችሁንም ዕዳ የሌለበት፣ ከሁለታችሁ አንዱን የማይፈራና ሒሳብ ማንበብ የሚችል ይሁን። የልብ ወዳጅዎን ይዘው ከሄዱ ያ ወንድም የመጡት ሊያሸንፉት እንጂ ሊመልሱት እንዳልሆነ ያስባል። የደረሰኞቹን ቅጅና የባንክ መግለጫውን በየወሩ ጎን ለጎን አድርገው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ያላረጋገጡትን ልዩነት አይጨምሩ፤ እርሱ ከኪሱ አውጥቶ ለድርጅቱ የከፈለው ነገር ካለም ሳይቀር ያስገቡለት። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ በስንት ጊዜ ሊከፍል እንደሚችል እርሱ ራሱ ይናገር፤ የተስማማችሁበትንም ምስክሮቹ ይፈርሙበት።

ባለ ጥያቄ፦

መልካም። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱን ልውሰድ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?

የሕግ ሰው፦

ሁለቱንም ይውሰዱ። አብረው ይቀመጡና ወረቀቱን አብረው ያንብቡት።